ሪሴቱን አትንኩት፦ ኮምቦልቻ ላይ አንድ በርነር ያስነሳንበት ማስታወሻ

ሰኞ

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከደሴ ወጥቼ ሐረጎን ወርጄ 2 ሰዓት ሳይሞላ ኮምቦልቻ ገባሁ። ደሴ ስወጣ ጃኬቴን እስከ አንገቴ ዘግቼ ነበር፣ ኮምቦልቻ ስደርስ አውልቄ በክንዴ ያዝኩት። ይሄን የማነሳው የሁለቱ ከተሞች አየር ልዩነት ኋላ ሥራው ውስጥ ስለሚመጣ ነው።

የፋብሪካውን ስም አልጠቅስም። ቦይለሩ በሰዓት 1.5 ቶን እንፋሎት የሚያወጣ ፋየር ቲዩብ ነው፣ እሳቱ በቱቦዎቹ ውስጥ ያልፋል ውሃው ከውጭ ይከባቸዋል። በርነሩ፣ ማለት ነዳጁን ረጭቶ የሚያነደው ክፍል፣ ባለ ሁለት ስቴጅ (ሁለት የእሳት ደረጃ ያለው) የናፍጣ በርነር ሲሆን የሚለኮሰው በጋዝ ሲሊንደር ፓይለት፣ ማለት ቀድማ በምትነድ ትንሽ የጋዝ እሳት ነው። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ ብዙ ጊዜ ቆሞ፣ በቅርቡ ነው እንደገና ሊያስነሱት የጀመሩት። ስልክ የደወለልኝ የጥገና ኃላፊ ያለኝ ነገር አጭር ነበር፣ "ሪሴት ስናደርገው ይሞክርና ይጠፋል፣ መጥተህ እየው"። ሪሴት የምንለው በርነሩ ራሱን ቆልፎ ሲቆም እንደገና ለማስነሳት የሚጫኑት ቁልፍ ነው።

ቦይለር ክፍል ስገባ መጀመሪያ የጠየቅኩት ኦፕሬተሩን ነው። እድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፣ ጋሼ እያልኩ ነው የማወራቸው። ጋሼ ስንት ጊዜ ነው ሪሴቱን የተጫናችሁት አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና "ልጄ እውነቱን ልንገርህ፣ ትናንት ማታ ብቻ ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ሳልጫነው አልቀረሁም፣ እንፋሎት አምጡ እያሉ ሲጮሁብኝ ምን ላድርግ" አሉኝ። መብራት ነበር ወይስ ጄኔሬተር ስላቸው መብራት ነበር አሉ። እውነቱን ስለነገሩኝ አመሰገንኳቸው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው "አንዴ ብቻ ነው የነካሁት" ነው የሚለው፣ ያቺ ውሸት ደግሞ ሰው ልትገድል ትችላለች።

ሌላ ምንም ሳልነካ ዋናውን ስዊች አጥፍቼ ቆለፍኩት፣ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ፣ የናፍጣውን ቫልቭ ዘጋሁ፣ የሲሊንደሩንም ዘጋሁ። ከዛ በርነሩን ከማጠፊያው ከፍተን ፈርነሱን (እሳቱ የሚነድበትን የቦይለሩን ሆድ) በባትሪ አየነው። ከታች ናፍጣ ተጠራቅሟል፣ ያብለጨልጫል።

እዚህ ጋ ሒሳቡን ቁጭ ብለን ከልጁ ጋር ሠራነው፣ ልጁ የምለው አብሮኝ የሚሠራውን ረዳቴን ነው። የመጀመሪያው ስቴጅ ኖዝል (ናፍጣውን የሚረጨው አፍ) በሰዓት 12 ጋሎን ይላል፣ ይሄ በ7 ባር የተለካ ነው፣ የኛ ፓምፕ 12 ባር ላይ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ በሰዓት ወደ 59 ሊትር ይረጫል ማለት ነው። እሳት ሳይይዝ ሲቀር ኮንትሮለሩ (በርነሩን የሚያዘው ሳጥን) ናፍጣውን 5 ሰከንድ አካባቢ ከፍቶ ነው የሚዘጋው። በ5 ሰከንድ ወደ 80 ሚሊ ሊትር ነው፣ አንድ የቡና ሲኒ በሉት። ዘጠኝ ጊዜ ሲሆን ከ700 ሚሊ በላይ። እኛ ግን በጨርቅ እየጠጣን ጀሪካን ላይ ስንጨምቀው 2 ሊትር ደፍኖ አለፈ። ስለዚህ ሌላም የሚያንጠባጥብ ቦታ አለ።

ፈርነሱ ቀዝቃዛ ስለነበረ ነው የተረፉት። ቦይለሩ ሞቆ ቢሆን ያ ናፍጣ ከግድግዳው ላይ ተንኖ ፈርነሱን ይሞላዋል፣ ከዛ አሥረኛው ሪሴት ሲለኮስ የሚያገኘው ኖዝሉ የረጨውን ብቻ ሳይሆን ያን ሁሉ ነው። የኋላ በሩን ገንጥሎ ሊያወጣው ይችላል። ጋሼ ደግሞ ሪሴት ሲጫኑ የሚቆሙት በርነሩ ፊት ለፊት ነው፣ ፓናሉ እዛው ጎን ስላለ።

ዛሬ ምንም አላስነሳንም። ኃላፊው ቅር አለው፣ "ቢያንስ ሞክረው" አለኝ። ዛሬ አልሞክርም አልኩት፣ በቃ።

ማክሰኞ

ሙሉ ቀን ጽዳት። ፈርነሱን በደረቅ ጨርቅና በመጋዝ ፍቅፋቂ አደረቅነው፣ የኋላ በሩን ከፍተን ቱቦዎቹን በብሩሽ ገፋን፣ ጥላሸቱ ሁለት ጆንያ ወጣው። አፍና አፍንጫ መሸፈኛ ሳታደርጉ ይሄን ሥራ አትሥሩ፣ ጥላሸቱ ሳንባ ውስጥ ነው የሚገባው። የበሩን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) አውጥተን አዲስ ገመድ አስገባን፣ አሮጌው እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበር።

ኖዝሎቹን በኪያቬ ፈታኋቸው። የመጀመሪያው ጫፉ ላይ ካርቦን ይዞ ወደ አንድ ጎን ነው የሚረጨው። አንዳንድ ሰው ኖዝል በሽቦ ወይም በመርፌ ይጎረጉራል፣ እባካችሁ ይሄን ተዉት፣ ቀዳዳዋ በማሽን በልክ የተሠራች ናት፣ አንዴ ከቧጨራችኋት የሚረጨው ቅርጽ አይመለስም። ሁለቱንም በአዲስ ቀየርን፣ ያው መጠን ያው 45 ዲግሪ። የሚረጭበት ዲግሪም እንደ መጠኑ ያስፈልጋል፣ ፈርነሱ ረጅምና ጠባብ ከሆነና ሰፊ የሚረጭ ኖዝል ካስገባችሁ እሳቱ ግድግዳውን ይልሳል፣ እዛ ላይ ካርቦን ይጋገራል።

ቀጥሎ ሶሌኖይዶቹ፣ በኤሌክትሪክ የሚከፈቱና የሚዘጉት ቫልቮች። የመጀመሪያው ስቴጅ ሶሌኖይድ ሲፈታ መቀመጫው ላይ የምትደገፈው ጎማ ተቆርጣለች፣ ትንሽ የብረት ብናኝም ተሰንቅሮበታል። በቃ ይሄ ነበር ሌባው። በርነሩ ከጠፋ በኋላም ቢሆን ጋኑ ውስጥ ያለው ናፍጣ በቀስታ ይወርዳል፣ ሌሊቱን ሙሉ። ቫልቩን ሙሉ በሙሉ ቀየርነው፣ ጎማ ቀይሮ ማስቀመጥ ይቻላል ግን የናፍጣ መዝጊያ ላይ እኔ አልቆጥብም።

ረቡዕ

የናፍጣ መስመር። ማጣሪያውን ስንከፍተው ከታች ሁለት ጣት የሚሆን ውሃ፣ ከሱ በላይ ቡናማ ዝቃጭ። ጋኑ ለረጅም ጊዜ ግማሹ ባዶ ሆኖ ስለቆመ ውስጡ ያለው እርጥበት ሌሊት ሌሊት እየቀዘቀዘ ጋኑ ግድግዳ ላይ ውሃ ሆኖ ይወርዳል፣ ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከታች ይተኛል። ከጋኑ ሥር ያለውን ማፍሰሻ ከፍተን ንጹህ ናፍጣ እስኪመጣ አፈሰስነው።

ፓምፑ መሳቢያ ላይ የቫኪዩም ጌጅ (የመሳብ ኃይል መለኪያ) ገጠምኩ። የመጀመሪያው ንባብ 0.55 ባር ነበር። ከ0.4 ካለፈ ናፍጣው ውስጥ የተሟሟው አየር አረፋ ሆኖ ይወጣል፣ ፓምፑ ይጮሃል፣ እሳቱ ይንቀጠቀጥና ይጠፋል። ማጣሪያው ከተቀየረ በኋላ 0.2 ላይ ተቀመጠ፣ የፓምፑም ድምፅ ወዲያው ተለወጠ፣ ከመንጫጫት ወደ ለስላሳ ጉርምርምታ።

ይሄን ሁሉ ከማድረጋችን በፊት ግን አንድ ነገር አገኘን። አየሩን ከፓምፑ ለማስወጣት ሞተሩን ለአንድ ሰከንድ ነክቼ ስለቀው ፋኑን አየሁት፣ ልክ ነው። ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋና ጄኔሬተር አስነሱ፣ እንደገና ስነካው ፋኑ ተገልብጦ ነው የሚዞረው! ጄኔሬተሩ ማዘዋወሪያ ላይ ሁለት ፌዝ (የኤሌክትሪክ መስመር) ተቀያይሯል። ፓምፑና ፋኑ የሚነዱት በአንድ ሞተር ነው፣ ስለዚህ ጄኔሬተር ላይ ሲሆኑ ፓምፑም ወደ ኋላ ይዞራል፣ ናፍጣ አይመጣም፣ ግፊቱ ዜሮ ነው። ጋሼን ጠየቅኳቸው፣ ጄኔሬተር ላይ ሲሆን ተነስቶ ያውቃል? አስበው አስበው "እንዲያውም አንድም ቀን" አሉ። ሁሉም ሰው የጄኔሬተሩ ኃይል አንሶት ነው ብሎ ነበር የሚያስበው፣ በርነሩ ግን ሎካውት ሲገባ (እሳት ሳያይ ቀርቶ ራሱን ቆልፎ ሲቆም) ልክ ነበር። ኤሌክትሪሺያኑ ሁለቱን ፌዝ በካቻቢቴ ፈትቶ ሲያቀያይራቸው አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም።

ስለ ሪተርን መስመሩም ልጻፍ። ፓምፑ ባለ ሁለት ቱቦ ነው፣ የተረፈውን ናፍጣ ወደ ጋን ይመልሳል። መመለሻው ላይ ቫልቭ ተገጥሟል፣ ግማሽ ተዘግቶ ነው ያገኘሁት። ይሄ ቫልቭ ተዘግቶ ፓምፑ ቢነሳ ግፊቱ መሄጃ ያጣና የፓምፑን ሲል (የዘንጉን ማሸጊያ) ነቅሎ ናፍጣውን ሞተሩ ላይ ይረጨዋል። እጀታውን አውልቄ ቫልቩን ክፍት አድርጌ በሽቦ አሰርኩት።

ሐሙስ

ያለ ነዳጅ ሙከራ። እኔ ከሁሉ በላይ የምወደው ቀን ይሄ ነው፣ ማንም ሳይጎዳ በርነሩ ምን እንደሚያስብ የሚታይበት ቀን።

የሁለቱንም ሶሌኖይዶች የኮይል ሶኬት ነቀልን፣ የጋዙንም። የናፍጣውን መሳቢያ ቫልቭ ግን ክፍት ነው የተውነው፣ ከተዘጋ ፓምፑ ደርቆ ይዞርና ይበላሻል። ከዛ አስነስተን በስቶፕዎች ተከታተልን። ፋኑ ተነሳ፣ ሰርቮው (ትንሽ ሞተር) ዳምፐሩን (የአየር መዝጊያውን) እስከ መጨረሻው ከፈተው፣ 38 ሰከንድ ነፋ፣ ተመልሶ ወደ መለኮሻ ቦታው ዘጋ፣ ብልጭታ፣ ፓይለት የለም፣ ሎካውት። ጥሩ። ይሄ መንፋት ጌጥ አይደለም፣ ካለፈው ሙከራ የቀረ ትነት ካለ ጠርጎ በጭስ ማውጫው የሚያስወጣው እሱ ነው። አንዳንድ ቦታ ጊዜ ይፈጃል ብለው ሲያሳጥሩት አይቻለሁ፣ ከ30 ሰከንድ በታች የሆነ ቦታ እኔ አልፈርምም።

የእሳት ዓይኑ ዩቪ ሴል ነው። ከኔ በፊት የመጣ ሰው በሞባይል መብራት ሞክሮት ምንም ስላላየ ተበላሽቷል፣ ይቀየር ብሎ ሄዷል። ዩቪ ሴል የሞባይል መብራት አያይም፣ እንዲያይም አልተሠራም፣ የሚያየው ከእሳት የሚወጣውን አልትራቫዮሌት ነው። በላይተር ሞከርነው፣ አየ፣ ግን ሲግናሉ ደካማ ነበር። መስታወቱ ላይ በዓይን የማትታይ ስስ የናፍጣ ቅባት ነበረች፣ ያቺ ቅባት ለዓይናችን ታሳልፋለች ለዩቪ ግን ግድግዳ ናት። በአልኮል በተነከረ ንጹህ ጨርቅ ጠረግነው፣ ሲግናሉ ከእጥፍ በላይ ሆነ። አዲስ ሴል ሊገዛ ነበር።

አንድ ሙከራ ደግሞ አለ ብዙ ሰው የሚዘለው። በመንፋት ጊዜ ላይተሩን ሴሉ ፊት አብርታችሁ ያዙለት፣ እሳት መኖር በሌለበት ሰዓት እሳት ካየ ሎካውት መግባት አለበት። ገባ። ካልገባ ያ ኮንትሮለር መጣል ነው ያለበት።

ከዛ የመከላከያ ሰንሰለቱን በመልቲሜትር አንድ በአንድ ሄድኩበት፣ የግፊት ስዊች፣ የከፍተኛ ግፊት መቁረጫ፣ የአነስተኛ ውሃ መቁረጫ። የአነስተኛ ውሃው ጋ ስደርስ ልቤ ደነገጠ። ፓናሉ ውስጥ ቀይ ሽቦ፣ ከአንዱ ተርሚናል ወደ ሌላው፣ ተሻግሯል። ማለት ቦይለሩ ውሃ ቢጨርስ በርነሩ አይቆምም። ቱቦዎቹ ያለ ውሃ ቀልተው እያለ ሰው የውሃ ፓምፕ ቢያስነሳ ቦይለሩ ሊፈነዳ እንደሚችል ቦይለር ላይ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ማን እንዳደረገው መጠየቅ አልፈለግኩም፣ ሽቦውን በፒንሳ ቆርጬ አወጣሁትና ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ዝም ብሎ አየው። የውሃ መለኪያውን ፕሮብ (ውሃው ውስጥ የሚገባውን ዘንግ) ስናወጣው ነጭ ድንጋይ ለብሷል፣ ለዛ ነው ሁልጊዜ ውሃ የለም እያለ ሲያስቸግራቸው ሽቦ ያሻገሩት። ጠርገን መለስነው፣ ይሠራል።

ዓርብ

ጠዋት ሥራ፣ ከሰዓት ጁምዓ ነው ብዙዎቹ ሠራተኞች ወደ መስጊድ ስለሚሄዱ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ነው የቀጠልነው። እኛም እስከዛ ቡና ጠጣን፣ እዛው ግቢ በር ላይ ያለች እናት ሦስቱንም አጠጣችን።

የፓይለቱ ጋዝ። ሲሊንደሩ ቦይለር ክፍል ውስጥ፣ ከኬብል ቦይ አጠገብ ነበር የቆመው። ይሄ ጋዝ ከአየር አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይከብዳል፣ ሲያመልጥ ወደ ላይ አይሄድም፣ መሬቱን ተከትሎ ጉድጓድ ይፈልጋል። አየር ውስጥ 2 ከመቶ ገደማ ሲሆን እንኳ ይቀጣጠላል። የኬብል ቦዩ ደግሞ ወደ ፓናሉ ነው የሚሄደው። ሲሊንደሩን ወደ ውጭ አወጣነው፣ ለብቻው ጥላ ሠራንለት፣ ከግድግዳው ጋር በሰንሰለት አሰርነው፣ መስመሩን በብረት ቱቦ አስገባን።

በሳሙና ውሃ ሁሉንም መጋጠሚያ ቀባን። ሬጉሌተሩ ላይ ያለችው ዳዶ አረፋ ሠራች፣ ጥቂት ጥቂት። አጥብቀን እንደገና ቀባን፣ ቆመች። ከሁለቱ የጋዝ ሶሌኖይዶች መሃል ግፊት መለኪያ ገጥመን አምስት ደቂቃ ቆየን፣ አልወረደም አልወጣም። ሁለት ቫልቭ በተከታታይ የሚደረገው አንዱ ባይዘጋ ሌላው እንዲዘጋ ነው፣ ግን ሁለቱም ጥብቅ መሆናቸውን ካላያችሁ አንዱ መበላሸቱን ሁለተኛው እስኪበላሽ አታውቁም።

ከዛ ናፍጣው ተነቅሎ እንዳለ ፓይለቱን ብቻ አስነሳን። አሥር ጊዜ። በየመሃሉ ሙሉ መንፋት። አሥሩንም ጊዜ ወዲያው ያዘ፣ ሰማያዊ ጠንካራ እሳት።

ደሴ ላይ አንድ ዳቦ ቤት በዚህ ፓይለት ሲቸገር አይቻለሁ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው እሳት የሚያስነሱት፣ ያኔ ብርዱ ነው። ቡቴን የሚተነው ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ከሚል ሙቀት በላይ ነው፣ ብርድ ላይ ግፊቱ ይሞትበታል፣ ፕሮፔን የበዛበት ሲሊንደር ከሆነ ግን ምንም አይለውም። ኮምቦልቻ ላይ ይሄ ችግር ብዙም አይታይም።

ቅዳሜ

የመጀመሪያ እሳት። ጠዋት 3 ሰዓት።

ከመጀመሬ በፊት ሁሉንም ሰው ከቦይለሩ ፊትና ኋላ አስወጣሁ። ፊት ለፊት መስታወቱ ላይ አፍጥጦ የሚቆም እንዳይኖር፣ ከኋላ በሩ ጀርባም። ጋሼ ብቻ ከኔ ጋር ፓናሉ ጋ፣ ልጁ ውጭ ናፍጣው ዋና ቫልቭ ላይ እጁን አድርጎ። ውሃ በውሃ ማሳያው መስታወት ላይ ግማሽ፣ የአየር ማውጫው ክፍት፣ የጭስ ማውጫው መዝጊያ ክፍት። ሁለተኛው ስቴጅ ኮይሉ ተነቅሏል።

ጋሼ "ቢስሚላህ" ብለው ስዊቹን እሳቸው አዞሩት። ነፋ፣ ዘጋ፣ ፓይለት፣ ከዛ ፍፍፍ ብሎ ናፍጣው ያዘ። ምንም ጉምታ የለም። ለስለስ ብሎ ነው የተነሳው።

ቀዝቃዛ ቦይለር አያስቸኩሉትም። አሥር ደቂቃ አንድደን አሥራ አምስት አሳርፈን፣ እንደዛ እያልን ሦስት ሰዓት ያህል ወሰደን፣ ብረቱ በአንዴ ከሞቀ ቱቦዎቹ ከሳህኑ (ጫፋቸው ከሚሰካበት ብረት) ጋር የተያያዙበት ቦታ ይላላል።

ሲሞቅ አናላይዘሩን (የጭስ መመርመሪያውን) አስገባሁ። መጀመሪያ ንጹህ አየር ላይ ውጭ አስነስቼ ዜሮ አደረግኩት፣ ይሄን ሳያደርጉ ጭስ ማውጫ አጠገብ ማስነሳት ሁሉንም ቁጥር ያበላሻል። አንደኛ ስቴጅ ላይ ኦክስጅን 9.5 ከመቶ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 8.5 ከመቶ። ከሚያስፈልገው በላይ አየር እየገባ ለናፍጣው የከፈልነው ገንዘብ በጭስ ማውጫ እየወጣ ነው። የአንደኛ ስቴጅ ካሙን (ዳምፐሩ ምን ያህል እንደሚከፈት የሚወስነውን) ትንሽ ትንሽ ዘጋሁት፣ እያንዳንዱን ከነካሁ በኋላ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቄ። 5.2 ላይ ቆምኩ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 11.7፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ 15 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 15)። የጭስ ወረቀቱን (ጭሱ ተስቦበት ጥቁረቱ በቁጥር የሚነበብበትን) አሥር ጊዜ ስቤ አየሁት፣ ነጭ ነው፣ ዜሮ። ከዚህ በታች ልወርድ እችል ነበር ግን ዝቅተኛ እሳት ላይ ትንሽ ትርፍ አየር እተዋለሁ፣ መለኮስን ያቀለዋል።

ሰኞ፣ ሁለተኛው ሳምንት

የሚከብደው ቀን ይሄ ነበር።

ሁለተኛውን ስቴጅ ሰካሁት። ሁለት ኖዝል፣ 12 እና 12፣ በሒሳብ በሰዓት 119 ሊትር። ወደ ከፍተኛ እሳት ሲገባ ጭስ ማውጫው ጠቆረ። ዳምፐሩን ከፈትኩ፣ ከፈትኩ፣ ሙሉ 90 ዲግሪ ደረሰ፣ ከዛ በላይ የለም። ኦክስጅን 2.0፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 14.0፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከ300 በላይ እየዘለለ፣ የጭስ ወረቀቱ 4። ወዲያው ወደ አንደኛ ስቴጅ መለስኩት።

ኃላፊው "ፋኑ ደክሟል ማለት ነው?" አለ። ፋኑ አልደከመም። በርነሩ ላይ የተጻፈው አቅም ባሕር ጠለል አካባቢ የተለካ ነው። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ናት፣ አየሩ ከባሕር ጠለል አንጻር 80 ከመቶ ገደማ ነው የሚመዝነው። ፋኑ ያንኑ ያህል ሜትር ኩብ ይነፋል፣ ግን እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው ኦክስጅን አንድ አምስተኛ ያነሰ ነው። ናፍጣው ግን ከፍታ አያውቅም፣ ኖዝሉ እዛም እዚህም ያንኑ ነው የሚረጨው። ስለዚህ በርነሩን የመረጠው ሰው ካታሎጉን አይቶ 1.5 ቶን ይበቃዋል ብሎ ሲገዛ ከፍታውን አልቆጠረም።

ሦስት መንገድ ነበረን። አንደኛው ጭሱን እያየን ዝም ማለት፣ ቱቦዎቹ በአንድ ወር ውስጥ ጥላሸት ይሞላሉ፣ ይሄ አይታሰብም። ሁለተኛው የፓምፑን ግፊት ከ12 ወደ 10 ባር ማውረድ፣ ይሄ ናፍጣውን ወደ 9 ከመቶ ይቀንሰዋል፣ ፍሰቱ ከግፊቱ ስኩዌር ሩት ጋር ስለሚሄድ። ግን ግፊት ሲወርድ ጠብታው ይወፍራል፣ ዳሩ ላይ ጭስ ይመጣል፣ እና በርነሩ የሚፈልገውን የመርጨት ጥራት እንነካለን። ሦስተኛው የሁለተኛውን ስቴጅ ኖዝል ማሳነስ።

ወረቀት ላይ ሠራሁት። ኦክስጅን 2.0 ሲሆን አየሩ ከሚያስፈልገው 1.1 እጥፍ ነው፣ እኔ የምፈልገው 1.2 ነው። ስለዚህ ናፍጣው በ8 ከመቶ ገደማ መቀነስ አለበት፣ ከ24 ጋሎን ወደ 22። ማለት 12 እና 10።

ኃላፊው አልተመቸውም። "አቅሙን ቀነስክብኝ" አለኝ። አቅሙን የቀነሰው ተራራው ነው፣ እኔ ያደረግኩት ያለውን አየር መቁጠር ነው አልኩት፣ ከምሬም ነው። የተቃጠለ ናፍጣ ነው እንፋሎት የሚሆነው፣ ጭስ ሆኖ የወጣው የትም አይደርስም፣ በዛ ላይ ቱቦውን ስለሚለብሰው ሙቀቱ ወደ ውሃው እንዳያልፍ ያደርጋል።

10 ቁጥር 45 ዲግሪ ኖዝል ደሴ እቃ ቤቴ ውስጥ ነበረኝ፣ ልጁን በሚኒባስ ላክሁት፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ተመለሰ። ገጠምነው። ከፍተኛ እሳት ላይ ኦክስጅን 3.6፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 12.8፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ 20፣ የጭስ ወረቀት ዜሮና አንድ መሃል፣ የጭሱ ሙቀት 228 ዲግሪ። ቆጣሪው በሰዓት 109 ሊትር አካባቢ ያሳያል። በሒሳቡ ወደ 1.4 ቶን እንፋሎት ነው የሚሆነው፣ በጭስ የሚጠፋው ሙቀት 9 ከመቶ ገደማ ነው። ኃላፊው የግፊት ጌጁ ሳይወርድ ሁሉም ማሽን ሲሠራ ሲያይ ዝም አለ።

ለምን 3.6 ላይ ቆምክ፣ 2.5 ላይ ብታወርደው ናፍጣ አይቆጥብም ወይ ብሎ ልጁ ጠየቀኝ፣ ጥያቄው ጥሩ ነው። የቃኘሁት ከሰዓት ነው፣ ሙቀቱ 29 ነበር። ጠዋት 12 ዲግሪ ሲሆን አየሩ 6 ከመቶ ገደማ ይከብዳል፣ ኦክስጅኑ ከፍ ይላል፣ ምንም አይጎዳም። በጠዋት ብርድ 2.5 ላይ ቃኝቶ መሄድ ግን አደገኛ ነው፣ ከሰዓት ሙቀት ሲመጣ አየሩ ይሳሳና ጭስ ውስጥ ይገባል፣ አንተ ደሴ ነህ፣ ማንም አያይልህም። ያንኑ ቅኝት ደግሞ ደሴ ላይ ብትወስደው ሌላ 650 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ወደ 7 ከመቶ አየር ታጣለህ። በርነር በቆመበት ቦታ ነው የሚቃኘው።

ማክሰኞ

የመቁረጫ ሙከራዎች፣ እሳት እየነደደ። ዩቪ ሴሉን ነቅዬ በእጄ ሸፈንኩት፣ አንድ ሰከንድ ሳይሞላ ናፍጣው ተቆረጠ። የውሃ ፓምፑን አጥፍተን ማፍሰሻውን በጥቂቱ ከፍተን ውሃውን ቀስ ብለን አወረድን፣ ከመስታወቱ ታችኛ ጫፍ በላይ እያለ በርነሩ ቆመ፣ ጋሼ ይሄን ሲያዩ "አልሐምዱሊላህ" አሉ። የከፍተኛ ግፊት መቁረጫውም ሠራ፣ በእጅ ካልተመለሰ አይነሳም። ጄኔሬተር ላይም አዙረን አስነሳነው፣ ተነሳ።

ከዛ ቀለም ገዝተን ፓናሉ ጎን ግድግዳው ላይ ጻፍን። ሎካውት ከገባ አንዴ ብቻ ሪሴት። ሁለተኛ ከገባ ናፍጣና ጋዝ ዝጋ፣ በርነሩን ክፈት፣ ፈርነሱን እይ፣ ደረቅ ካልሆነ አትንካ፣ ደውል። ጋሼ ፊደሉ ይተልቅ አሉ፣ አተለቅነው። ዳምፐሩ ካም ላይ ያሉትን ቡሎኖች በቀለም ምልክት አደረግኩባቸው፣ የነካቸው ሰው ካለ እንዲታወቅ።

ሐሙስ ማታ

3 ሰዓት ላይ ስልክ ጮኸ፣ ጋሼ ናቸው። "ሎካውት ገባ፣ አንዴ ሪሴት አደረግኩት ደገመው፣ ሁሉንም ዘግቼ ነው የምደውልልህ" አሉ። ፈርነሱ? ስላቸው "ደረቅ ነው፣ በባትሪ አይቼዋለሁ"። ናፍጣውማ ፓይለት ካልታየ ስለማይከፈት መድረቁ ልክ ነው። እስቲ ሲሊንደሩን ነቅንቁት አልኳቸው። ሲወጡ ሰማሁ፣ ሲመለሱ ሰማሁ። "ባዶ ነው" አሉ። ሌላውን ገጥመው፣ ዳዶዋን በሳሙና ቀብተው፣ ስልኩን ሳይዘጉ አስነሱት። መንፋቱን በስልኩ ውስጥ ሰማሁት፣ ቆጠርኩት፣ 38 ሰከንድ፣ ከዛ ያዘ።

የጭሱን ቁጥር በሁለት ሳምንት ውስጥ ወርጄ እደግመዋለሁ፣ የኋላ በሩንም ገመድ ከሞቀ በኋላ እንደገና ማጥበቅ አለብን። ትርፍ ሲሊንደር እንዲቀመጥ ለኃላፊው ነገርኩት፣ እሺ ብሏል።